ምጣ

ሰድበሪ ላይ ጥር ነው፤ በረዶው ጉልበት ነክቷል፣
የመጻሕፍት ቤቱ ምድር ቤት መብራት በርቷል።
እኔ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ፈረቃ አስረክቤ፣
ከነዩኒፎርሜ፣ ሳልበላ፣ ከነረሃቤ፣
እርሳስ እቀርጻለሁ በአርባ ሦስት ዓመቴ፤
ግስ ልማር ነው ዛሬ፣ ከልጄ እኩል፣ ከነሽበቴ።

መምህርታችን ዢኔት፣ የኒኬል ቆፋሪ ልጅ፣
ሁለት ቋንቋ ይዛ ያደገች በአንድ ደጅ፣
«ጎ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «ዌንት»።
አንድ ፊደል አይጋሩም፤ በምን ዘመድ ሆኑ፣ በአንድ ቤት?

«የእኛም ያው ነው» አለች ኦክሳና ስትስቅ፣
«ትናንት የሄደውን፣ ዛሬ የሚሄደው አያውቅ።»
ጉርሚት ራሱን ነቀነቀ፤ የፑንጃቡም እንዲያው ነው።
ኤቨሊዮ ግን፣ ከሆንዱራስ የመጣው፣
ቀስ ብሎ፦ «በእኛ ‹ሄድኩ› እና ‹ነበርኩ› አንድ ቃል ነው።»
ማንም አልሳቀም። ማሞቂያው ብቻ አጉረመረመ።

እኔ ግን ተነሣሁ። ኩራት ነው መቼም።
«ሄደ፣ ይሄዳል፣ ሂድ፣ ሄዶ፣ መሄድ፤ አይሰበርም፣
የአማርኛ ግስ መስመሩን አይስትም»
ብዬ ቁጭ አልኩ፣
ክስ እንደረታ ሰው እጄን አጣጥፌ።

ቤት ስደርስ ጓሮ ናት ውዳሴ፣ አራት ዓመቷ፣
ከአፍንጫዋ በቀር አይታይም ፊቷ፤
የበረዶ ሰው ሠርታ፣ አፍንጫ ጎድሎባት፣
«አባዬ፣ ምጣ!» አለች። «ቶሎ ምጣ!»
ትርሲት ከመስኮቱ በሳቅ ፈነዳች።
እኔም ላርማት አፌን ከፈትኩ፤
አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ገባ፣ ግባ። ሰማ፣ ስማ። ወጣ፣ ውጣ።
መጣስ?
ልጄ ሒሳቡን በትክክል ሠርታለች፤
ከመልሱ የተለየው ቋንቋው ነው።
«ና» ምኑ ነው ለ«መጣ»? የአክስት ልጅ? የእንጀራ ልጅ?
ከ«መ» አልወረሰ፣ ከ«ጣ» አልወረሰ።
ክሱን ያን ማታ ተረታሁ፣ በራሴ ደጅ።

ጋራዡ ውስጥ ሁለት አካፋ አለን።
አንዱ የአትክልት ነው፣ በዓመት አንዴ የሚወጣ፤
እጀታው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ።
ሌላው የበረዶው ነው፣ ከቀድሞው ባለቤት የተረፈ፣
መዳፍ ያጎደጎደው፣ የጎበጠ፣ የታጠፈ።
ጎረቤት ቢያየው «ጣሉት» ይላል።
እኛ ግን ሌላ አንይዝም።

«ቀረጠፈ»ን ማን ያጎብጠዋል? በወር አንዴ ቢነሣ ነው፤
ቢዘነጋ እንኳ ደንብ ደርሶ ይጠግነዋል፤
ደንብ የሚገባው መርሳት በተወው ሽንቁር ነው።
«ና» ግን አንድ ቀን ተረስቶ አያውቅም፤
ዳዴ ለሚል ሕፃን፣ ለውሻ፣ በር ላይ ለቆመ እንግዳ፣
ግዕዝም በዘመኑ «ነዓ» ሲል ኖሯል፤
ማን ፋታ ሰጥቶት ይቅና?
«ነው»ንስ ብታዩት፦ አፍራሹ «አይደለም»፣ ትናንቱ «ነበር»፣ ነገው «ይሆናል»፤
አራት የማይተዋወቁ ሰዎች
እንደ ማዕድን ሠራተኛ በፈረቃ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ።

ይህንን ደግሞ ያስተዋልኩት በረዶ ስጠርግ ነው፦
ስንከለክል «አትምጣ» እንላለን፣
በደንቡ፣ ፊደል ሳይጓደል።
የክልከላ ሰዋስው አይዛነፍም፤
አውቃለሁ፣ ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል።
ስንጠራ ብቻ ነው ደንቡን የምንጥሰው።

ነገ ያርሟታል፦ እናቷ፣ ቄሱ፣ የቅዳሜው ትምህርት ቤት።
ሺህ ጊዜ «ነይ» ተብላ፣
«ና» ማለትን ትለምዳለች፤ ማንም ምክንያቱን ሳይነግራት።
ዛሬ ግን
ከፍሪጅ ካሮት አወጣሁ፤
ምጣ ተብያለሁ፣
መጣሁ።